ፕሮፔለርም ማርሽ አለው
የሞተር ግላይደር ፕሮፔለር እንዴት ይሠራል? ምንስ ያስወጣል?

ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ድሬዳዋ በኪው 400 በርረው ከሆነ ሁለት ነገሮች ሳያዩ አልቀሩም። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ የፕሮፔለሩ ምላጮች ሰፊ ገጻቸውን ወደ ጎን፣ ቀጭን ጠርዛቸውን ወደ ፊት አድርገው ይቆማሉ። ከተነሣ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ድምፁ ዝቅ ይላል። «ሞተሩ ደከመ እንዴ?» ብሎ ጎረቤቱን የሚያይ ተሳፋሪ አይጠፋም።

አልደከመም። አብራሪዎቹ ማርሽ ቀይረው ነው። ሲነሣ በደቂቃ 1,020 ጊዜ ይዞር የነበረው ፕሮፔለር ሽቅብ ሲወጣ ወደ 900፣ ከፍታውን ይዞ ሲጓዝ ወደ 850 ይወርዳል። አውሮፕላኑ ግን እየፈጠነ ነው። ዙሩ ቀንሶ ፍጥነቱ እንዴት ይጨምራል? መልሱ ምላጮቹ በመሐላቸው ባለው እምብርት ላይ ዞር ማለታቸው ነው።

ይህ ሥራ በትንሽ አውሮፕላን ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ሁለት ሰው ብቻ ወደሚይዘው ወደ ሞተር ግላይደር እንሂድ።

መጀመሪያ ግላይደር ምንድን ነው? ረጅምና ቀጭን ክንፍ ያለው፣ ያለ ሞተር የሚንሳፈፍ አውሮፕላን ነው። ጥንብ አንሣ ክንፉን ሳያርገበግብ፣ ከሞቀ መሬት የሚነሣውን አየር ተሳፍሮ እየዞረ ሽቅብ ሲወጣ አይተዋል። ግላይደርም የሚኖረው በዚያው አየር ነው። ችግሩ ከመሬት የሚያነሣው ሌላ አውሮፕላን ወይም ገመድ የሚጠቀልል ማሽን መፈለጉ ነው። ሞተር ግላይደር ይህን ጣጣ ያስቀራል። በራሱ ሞተር ይነሣል፤ ከፍታ ካገኘ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ይንሳፈፋል።

የጀርመኑን ግሮብ 109ቢ እንውሰድ። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 17.4 ሜትር ነው። ሁለቱ ሰዎች እንደ መኪና ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ፕሮፔለሩም አፍንጫው ላይ ነው። የብሪታንያ አየር ኃይል «ቪጂላንት» የሚል ስም ሰጥቶ ወጣት ካዴቶችን እስከ 2018 እ.ኤ.አ. አሠልጥኖበታል። ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ ከተያዘ አንድ ሜትር በወረደ ቁጥር 28 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ነፋስ ከሌለ፣ ከ1,000 ሜትር ከፍታ 28 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ መሐል ተነሥቶ ሰበታን ያልፋል።

እንግዲህ ከዚህ አውሮፕላን ፕሮፔለር የሚፈለገውን ያስቡት። ሲነሣ በኃይል እንዲጎትት፣ ሲጓዝ በትንሽ ነዳጅ እንዲያስኬድ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ የሌለ እንዲመስል ነው የሚፈለገው። ሦስቱን ሥራ አንድ ቋሚ ቅርጽ ሊሠራው አይችልም።

ለምን አይችልም? ፕሮፔለርን እንደ ብሎን ይዩት። ብሎን አንድ ዙር ሲዞር ጥርሱ በፈቀደለት ልክ ወደ ፊት ይገባል። ጥርሱ የተጠጋጋ ከሆነ ትንሽ፣ የተራራቀ ከሆነ ብዙ ይገባል። ፕሮፔለርም አየሩን እንደ እንጨት እየበሳ የሚሄድ ብሎን ነው። ምላጩ አየሩን የሚገምስበት ዘመምታ «ፒች» ይባላል። ምላጩ ትንሽ ሲዘም ትንሽ ፒች፣ ብዙ ሲዘም ትልቅ ፒች እንላለን።

አሁን ትንሽ ስሌት። በብዙ ሞተር ግላይደሮች ላይ የሚገኘው 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሮታክስ 912 ሞተር ቢበዛ በደቂቃ 5,800 ጊዜ ይዞራል፤ በዚህ ዙር የሚፈቀደውም ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው። በመሐሉ ያለው ካምቢዮ ዙሩን በ2.43 ስለሚያካፍለው ፕሮፔለሩ ጋ የሚደርሰው ወደ 2,400 ነው። ይህ በሰከንድ 40 ዙር ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሽቅብ ሲወጣ በእያንዳንዱ ዙር 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። በሰዓት 180 ሲበር ግን ያው አንድ ዙር 1 ሜትር ከ25 ማስኬድ አለበት። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለመጀመሪያው የተቀረጸ ብሎን ለሁለተኛው አይሆንም።

በነገራችን ላይ፣ ምላጩ ከሥሩ እስከ ጫፉ ተጠምዝዞ የሚያዩት ለጌጥ አይደለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.6 ሜትር የሆነ ፕሮፔለር በሰከንድ 40 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ከመሐሉ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ክፍል ግን 180 ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ዙር ሁለቱም እኩል ወደ ፊት መሄድ ስላለባቸው ዝግ ያለው ክፍል ብዙ ይዘማል፤ ፈጣኑ ጫፍ ጋደም ይላል።

ወደ ማርሹ እንመለስ። ሚኒባስ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሹፌሩ አንደኛ ማርሽ ያስገባል። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ዳገቱን ይወጣል። ትንሽ ፒች እንዲህ ነው። ሞተሩ በቀላሉ ወደ ሙሉ ዙሩ ይደርሳል፤ ሙሉ ጉልበቱንም ይሰጣል። ሜዳ ላይ በአንደኛ ማርሽ እነዳለሁ ቢሉ ግን ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይፈጥንም። እዚያ አራተኛ ማርሽ፣ ማለትም ትልቅ ፒች ያስፈልጋል። በአራተኛ ማርሽ እንጦጦን ልውጣ ያለ ሹፌር ደግሞ ምን እንደሚገጥመው ያውቁታል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይታፈናል። አውሮፕላን ላይ ሲሆን አስፋልቱ ያልቃል፤ መንኮራኩሩ ግን መሬቱን አይለቅም።

ቋሚ ፒች ያለው ፕሮፔለር በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሄድ መኪና ነው። ብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች እንዲሁ ይኖራሉ፤ ቀላልና ርካሽ ነው። ሠሪው መሐል ላይ ያለ ፒች ይመርጥና በሁለቱም በኩል ትንሽ ትንሽ ይከስራል።

የአየር መንገዶች ዓለም ይህን ኪሳራ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከፍታ ላይ አየው። ቦይንግ 247 የተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን በአሜሪካዋ ሻየን ከተማ ለመነሣት ተቸገረ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሐሚልተን ስታንዳርድ በተባለው ኩባንያ የሚሠራው መሐንዲስ ፍራንክ ካልድዌል አብራሪው በበረራ ላይ የሚቀይረው ፕሮፔለር ይዞ መጣ። መንደርደሪያው አጠረ፤ ሽቅብ የመውጣት ፍጥነቱም ጨመረ። በ1933 እ.ኤ.አ. ሥራው የኮሊየርን የአቪዬሽን ሽልማት አገኘ። ቦሌ ከሻየንም ወደ 500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሯ ከባሕር ወለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለደጋ ሰው ይህ ሥልት ቅንጦት አይደለም።

ታዲያ ምላጩን ከአብራሪው ወንበር ሆኖ ማን ያዞረዋል? ሦስት ዓይነት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው በእጅ የሚሠራው ነው። በጀርመን ሮዘንሃይም ከተማ ያለው የሆፍማን ፋብሪካ ለሞተር ግላይደሮች ሲሠራው የኖረው ፕሮፔለር ሦስት ቦታዎች አሉት፦ መውጫ፣ መጓዣና «ፌዘር»። ፌዘር በእንግሊዝኛ ላባ ማለት ነው፤ ጉዳዩን ቆይተን እናየዋለን። አብራሪው ፊት ለፊቱ እጀታ አለ። መጀመሪያ ጋዙን ይቀንሳል። ዙሩ ሲወርድ ምላጮቹን ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል ይላላል፤ ያኔ እጀታውን ይስባል። ምላጮቹ ከአንዱ ቦታ ወጥተው ሌላው ላይ ይቀመጣሉ። የመኪና ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን እንደመርገጥ ነው። በስንት ዙርና በስንት ፍጥነት እንደሚሳብ የአውሮፕላኑ መመሪያ ይናገራል፤ ቁጥሩ ከአውሮፕላን አውሮፕላን ስለሚለያይ ከጓደኛ አፍ አይውሰዱት።

ሁለተኛው በዘይት ግፊት የሚሠራው ነው። «ቋሚ ዙር» ይሉታል። አብራሪው የሚመርጠው ማርሹን ሳይሆን ዙሩን ነው። «2,200 ላይ ቆይ» ይለዋል፤ ቀሪውን «ገቨርነር» የተባለ መሣሪያ ይጨርሳል። ገቨርነር ውስጥ አብረው የሚሽከረከሩ ትንንሽ ክብደቶች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይሸሻሉ፤ የዘይት መንገድ ይለወጣል፤ ምላጮቹ ፒች ይጨምራሉ፤ ሞተሩ ሸክም በዝቶበት ወደ ተባለው ዙር ይመለሳል። ሲዘገይ ተቃራኒው ይሆናል። እንደ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይዩት። በኦስትሪያዎቹ የዳይመንድ ሱፐር ዲሞና ሞተር ግላይደሮች ላይ ይህ ዓይነት ይገኛል።

ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ነው። ብዙውን ጊዜ እምብርቱ ውስጥ ያለ ትንሽ ሞተር ምላጮቹን ያዞራል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጀርመኑ ሽቴመ ኤስ 10 ነው። ፕሮፔለሩ ሥራ ሲፈታ ታጥፎ አፍንጫው ውስጥ ይገባል፤ አፍንጫውም ይዘጋል። ሞተሩ ከሰዎቹ ጀርባ ስለሆነ ኃይሉ በመሐላቸው በሚያልፍ ረጅም ዘንግ ወደ ፊት ይመጣል። ፒቹን የሚቀይረው ደግሞ ሰም ነው። በኤሌክትሪክ ሲሞቅ ሰሙ ያብጣል፣ ምላጩን ይገፋል። መኪናዎ ራዲያተር አጠገብ ያለው ቴርሞስታት የሚሠራበት ብልሃት ነው።

አሁን ወደ አብራሪው ወንበር ይምጡ። ባለ ሦስት ቦታውን እየነዳን ነው እንበል።

ከመነሣትዎ በፊት ፕሮፔለሩ መውጫ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። እጀታውን ማየት ብቻ አይበቃም። ሜዳው ላይ ሙሉ ጋዝ ሲሰጡ የዙር መቁጠሪያውን ይመልከቱ። መመሪያው ከሚለው ቁጥር በታች ከቀረ ፕሮፔለሩ መጓዣ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ሞተሩ አንድ ነገር ነክቶታል። ሁለቱም ቢሆኑ ጋዙን ይመልሱና ይቁሙ። ይህ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። ከጠቅላላው ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጥ ነበር።

ተነሥተው አስተማማኝ ከፍታ ከያዙ በኋላ ጋዝ ይቀንሱ፣ እጀታውን ይሳቡ፣ ጋዙን ቀስ ብለው ይመልሱ። ዙሩ ዝቅ ብሎ ፍጥነቱ ሲጨምር ይታያል። ባለ ገቨርነሩ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተል አለ። ኃይል ሲጨምሩ መጀመሪያ ዙሩን፣ ከዚያ ጋዙን ይጨምሩ። ሲቀንሱ መጀመሪያ ጋዙን፣ ከዚያ ዙሩን ይቀንሱ። ለምን ቢሉ፣ በዝቅተኛ ዙር ላይ ብዙ ጋዝ መስጠት ሞተሩን በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደማስወጣት ነው።

«ላባው» ደግሞስ? ሞተሩን ሲያጠፉ ፕሮፔለሩ ወዲያው ሥራ አይፈታም። ከፊት የሚመጣው አየር እንደ ሕፃን ወረቀት ማሽከርከሪያ ያዞረዋል። የጠፋ ሞተር የሚያዞረው ያ አየር ነው፤ ጉልበቱን የሚወስደው ግን ከአውሮፕላንዎ ከፍታ ነው። ቆሞ እንኳ ሰፊ ገጹን ለአየር ከሰጠ እንደ ፍሬን ይይዛል። ያ 28 ኪሎ ሜትር በዓይንዎ ፊት ያጥራል። ፌዘር ማድረግ ማለት የምላጮቹን ጠርዝ ከአየሩ አመጣጥ ጋር ማስተካከል ነው። ያኔ አየሩ ቢላ ላይ እንደሚያልፍ ያልፋል፤ ፕሮፔለሩም አይዞርም። መሬት ላይ በቆመው ኪው 400 ላይ ያዩት ያንን ነው።

አደራረጉ በአብዛኛው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጋዙን ቀንሰው ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ እንዲቀዘቅዝ ይተዉት፤ የጋለን ሞተር በቀዝቃዛ አየር ውስጥ በድንገት አያጠፉም። ከዚያ ያጥፉት። የአውሮፕላኑን ፍጥነት ቀነስ ያድርጉ፤ ፕሮፔለሩ መዞሩን ያቆማል። ከዚያ እጀታውን ወደ ፌዘር ይሳቡ። ሁለቱ ምላጮች ሽቅብና ቁልቁል ከቆሙ ሞተሪኖውን ለቅጽበት ነካ አድርገው አግድም ያስተኟቸው። ሲያርፉ የታችኛው ምላጭ መሬት እንዳይነካ ይጠቅማል። ጸጥታው መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ሁለተኛ ቀን ላይ ይወዱታል።

ሞተሩ እየሠራ ፌዘር ቢደረግስ? አይደረግም። ምላጮቹ አየሩን በሰፊ ገጻቸው እየመቱ ሊዞሩ ስለሚሞክሩ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይጫናል።

መልሶ ለማስነሣት ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ምላጮቹ ከፌዘር ይውጡ፤ ከዚያ ሞተሪኖ። ከወጡ በኋላ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ግን ያ ፍሬን ተመልሶ መጥቷል፤ ከፍታዎ በፍጥነት ይወርዳል። ባትሪው ለአንድ ሰዓት ብርድ ላይ ቆይቷል። ሞተሩም ቀዝቅዟል። «ቁልፍ ባዞር ይነሣል» ብሎ ዝቅ ብሎ መጠበቅ በሞተር ግላይደር ላይ ከሚሠሩ ስሕተቶች የከፋው ነው። ልምድ ያላቸው አብራሪዎች መጀመሪያ የሚያርፉበትን ሜዳ መርጠው፣ በእርሱ አናት ላይ ሆነው ነው ሞተሪኖ የሚነኩት። ካልተነሣ ማረፍ ነው። ግላይደር አይደል?

ሞተሩ እየሠራ ሊያርፉ ሲመጡ ደግሞ ፕሮፔለሩን አስቀድመው መውጫ ላይ ይመልሱ። ሜዳው ላይ ላም ብትገባ ወይም አቀራረቡ ባያምርዎ መልሰው መነሣት ይኖርብዎታል፤ ያን ጊዜ ማርሽ ለመቀየር ጊዜ የለም።

ወደ ገንዘቡ። ቋሚ የእንጨት ፕሮፔለር በጥቂት ሺህ ዩሮ ይገኛል። ፈቃድ ያለው፣ ፒቹ የሚለወጥ አዲስ ፕሮፔለር ግን ብዙ ጊዜ ከ10,000 ዩሮ በላይ ነው። «በነዳጅ ይመልሰዋል» የሚል ሻጭ ቢገጥምዎ አብረው ያስሉ። ሮታክስ 912 በጉዞ ላይ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሊትር ይጠጣል። ፕሮፔለሩ በሰዓት 2 ሊትር አዳነልዎት እንበል። በዓመት 100 ሰዓት ቢበሩ 200 ሊትር ነው። ሊትሩን 2.5 ዩሮ ብናደርገው በዓመት 500 ዩሮ። ዋጋውን ለመመለስ 20 ዓመት፤ ያውም ጥገናው ሳይታሰብ። ስለዚህ በነዳጅ ሒሳብ አይግዙት። የሚገዙት አጭር መንደርደሪያና ረጅም መንሳፈፍ ነው። ሁለቱም ሜዳው ሲጠብ ወይም ሞተሩ ሲጠፋ ዋጋቸው ይታወቃል።

ጥገናው ደግሞ በሰዓት ብቻ አይቆጠርም፤ በቀን መቁጠሪያም ነው። ስድስት ዓመት የተለመደ ገደብ ነው። አውሮፕላኑ ጋራዥ ውስጥ ተኝቶ ቢከርምም እምብርቱ ውስጥ ያለው ቅባት ይደርቃል፤ ማሸጊያው ጎማ ይሰነጠቃል። ያኔ ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ፈቃድ ወዳለው ቤት ይላካል። ሒሳቡ በሺዎች ዩሮ ነው፤ እስኪመለስም አይበሩም። ብዙዎቹ ምላጮች ውስጣቸው እንጨት፣ ላያቸው የፋይበር ልባስ፣ የፊት ጠርዛቸው ብረት ነው። ጠጠርና ዝናብ ይህን ጠርዝ ይበሉታል። ስለዚህ ጠጠር ያለበት መሬት ላይ ቆመው ሙሉ ጋዝ አይስጡ። አውሮፕላኑን ምላጩን ይዘው አይግፉ። ምላጩ መሬት ከነካ ደግሞ ጉዳቱ የፕሮፔለሩ ብቻ አይደለም፤ ምቱ በዘንጉ በኩል ሞተሩ ድረስ ስለሚሄድ ሞተሩም ይመረመራል። ትልቁ ወጪ ያ ነው።

ከዚህም ሌላ ፒቹ የሚለወጥ ፕሮፔለር ቋሚውን ለለመደ አብራሪ ከአስተማሪ ጋር ሥልጠና ይጠይቃል። ጥቂት ሰዓት ነው፤ ገንዘቡን አይቆጥቡ።

ያገለገለ ሞተር ግላይደር ሊገዙ የሚያስቡ ከሆነ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሞተሩን ሰዓት ነው። እርስዎ የፕሮፔለሩንም መዝገብ ይጠይቁ፤ መጨረሻ የታደሰበትን ቀን ይመልከቱ። ስድስት ዓመቱ ሊሞላ ከተቃረበ ወይም መዝገቡ ጠፋ ከተባለ፣ የእድሳቱን ዋጋ ከአውሮፕላኑ ዋጋ ላይ ቀንሰው ይደራደሩ።